አባባ «ዛሬስ ደመቀች» ያሉ ዕለት

ለምወድህ ወንድሜ ለኤልሳዕ ሶርሳ
ጅቡቲ

ወንድሜ ኤልሳዬ፣ እንደምን ከርመሃል? የዚያ አገር ወበቅ እንዴት አድርጎሃል? ማኅሌትስ ወገቧን ተሻላት? ብሥራት ጥርስ ማውጣት ጀመረ ወይስ ገና እያለቀሰ ያሳድራችኋል? እኛ ጌታ ይመስገን በልተን እናድራለን፣ ተነስተን እንውላለን። ደህና ነን ብዬ ግን ልዘጋው አልቻልኩም። ስልክ ያልደወልኩልህም ለዚህ ነው። አንተ ስትደውል እማዬ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች፣ አባባም ከሁላችንም ቀድመው «ደህና ነን፣ አንተ ሥራህን ሥራ!» ይሉሃል። ሾፌሩ ቦልቴ ነገ ጭነት ሊያመጣ ወደ ወደቡ ስለሚነሳ ይህን ደብዳቤ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

መጀመሪያ ስለላክህልኝ የቴሌስኮፕ ማጣሪያ ልንገርህ። የሸጠልህ ፈረንሳዊ አልዋሸህም፣ ጭረት እንኳ የለውም። ኦቶና ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት የውጭ አገር ሐኪም ሲሄዱ ለአባባ የተዉላቸው ቴሌስኮፕ አንድ የሃይድሮጅን አልፋ ማጣሪያ እንደነበረው ታስታውሳለህ። ከፀሐይ ብርሃን ሁሉ ሃይድሮጅን የሚያወጣውን አንዱን ቀይ ለይቶ የሚያሳልፍ ነው። ግን በዚያ ቀይ ግራና ቀኝ ያለው ብርሃንም እየሾለከ ይገባ ስለነበር የፀሐይዋ ፊት ጭጋግ የለበሰ ይመስላል፤ ደህና ሆኖ የሚታየኝ ጠርዟ ላይ የሚነሳው ነበልባል ብቻ ነበር። ያንተን ስደርብበት የሚሾልከው ተዘጋ። ምን ልበልህ! ፊቷ ነፋስ እንደሚያስተኛው የጤፍ ማሳ ሆኖ ታየኝ። ጥቁር ክር የመሰለ ነገር መሀሏ ላይ ተጋድሞ፣ በጥቋቁር ነጠብጣቦቿ ዙሪያ ደግሞ ሁሉም እንደ ፀጉር ተጠማዞ። ፎቶውን ይዤ ማስተርስ አመለክታለሁ፣ አዲስ አበባም እልከዋለሁ እያልኩ ስንቱን አሰብኩ። ጎረቤታችን ትዕዛዝ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ሶሊ፣ ፀሐይ እስካሁን ደመወዝ አልቆረጠችልሽም?» ስትለኝ እንኳ አብሬያት እስቅ ነበር።

ሁለቱ ማጣሪያዎች ሲደረቡ ግን ብርሃኑ በጣም ይፈዛል፣ ካሜራዬ ደግሞ አሮጌ ነው። ከዓይን መመልከቻው ሥር ሌላ ትንሽ ብርጭቆ አለች። የተረፈውን ብርሃን ዘግታ ዓይንን የምትጠብቀው እሷ ናት። ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ለካሜራው ብርሃን ይበዛለት እንደሆነ ልሞክር ብዬ ነቀልኳት። ፎቶው ነጭ በነጭ ሆኖ ተበላሸ። ካሜራውን አውጥቼ መመልከቻውን መለስኩና፣ ብርጭቆዋ ላይ የጣቴ አሻራ ስላረፈ የምጠርግበት ጨርቅ ላመጣ ወደ ቤት ገባሁ። አባባ ባርኔጣቸውን አድርገው ከጠዋት ጀምረው አቮካዶው ሥር ወንበር ላይ ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። «ቆዩኝ፣ መጣሁ» አልኳቸው።

ስመለስ ጎንበስ ብለው እያዩ ነው። ቀና አሉና እየሳቁ «ጎበዝ! ዛሬስ ደመቀች። የኤልሳዕ ማጣሪያ ሠራ!» አሉኝ። ኤልሳዬ፣ ያንተ ማጣሪያ ሲደረብ ፀሐይ ትፈዛለች እንጂ አትደምቅም። ብርጭቆዋ እጄ ላይ ነበረች። ግራ ዓይናቸው እሾህ ከወጋው ጀምሮ ብርሃን እንደሌለው ታውቃለህ፤ ያዩት በዚያች በቀረችው ዓይን ነው።

ያን ዕለት «ትንሽ አረንጓዴ ነገር ይታየኛል፣ ይጠፋል» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዓይን ማውራት አይፈልጉም። ኦቶና እንሂድ ስላቸው «ምን ሆኜ? ይልቅ ጉኑኖ የምንሄደው መቼ ነው?» ይሉኛል። እዚያ ያስተምሩበት ለነበረው ትምህርት ቤት ልጄ ፀሐይን ታሳያችኋለች ብለው ቃል ገብተዋል። እኔ ግን ቴሌስኮፑን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አልጋ ሥር ከከተትኩት በኋላ አላየሁትም። ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ መጋረጃውን እዘጋለሁ። ለእማዬ አልነገርኳትም፣ የደም ግፊቷን ታውቃለህ።

መንገድ ላይ አይደናቀፉም። የዳሞታን ተራራ ያያሉ፣ ደመናውንም ይነግሩኛል። ሲያነጋግሩኝ ግን ፊታቸውን ትንሽ ዘወር ያደርጋሉ፤ ዓይኔን ሳይሆን ጆሮዬን የሚያዩ ይመስለኛል። ጠዋት ጠዋት እንደ ወትሮው ከመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ስለሚያነቡልን ግን ትንሽ ተጽናንቼ ነበር። ትናንት ሻይ ልጨምርላቸው ከጀርባቸው ስቆም የተገለጠውን ገጽ አየሁት። በአፋቸው መዝሙር ይላሉ፣ ፊታቸው ያለው ግን የነገድ ስም ዝርዝር ነው። በቃላቸው ነበር የሚሉት። መሀል ላይ ጣታቸውን በምላሳቸው አርጥበው ገጽ ገለጡ። ያን ገጽ መግለጣቸው ነው ከሁሉ ይልቅ ያስፈራኝ።

ያነበብኩት ሁሉ ፀሐይ የምትጎዳው የዓይንን መሀል እይታ ነው፣ አንዳንዱ ሰው በወራት ይሻለዋል፣ አንዳንዱ ግን እንደዚያው ይቀራል ይላል። እኔ ይሻለዋል በሚለው ላይ ተንጠልጥያለሁ። ምናልባትም በከንቱ እየፈራሁ ይሆናል፤ መነጽር ብቻ ይሆናል የሚያስፈልጋቸው። ስለዚህ አንድ ነገር አድርግልኝ። በእጅህ ደብዳቤ ጻፍላቸው። ፊደሉን አድቅቀው። ስለ ወደቡ፣ ስለ ብሥራት፣ ሰምተውት የማያውቁትን ወሬ ጻፍ። ቦልቴ ለእኔ ሳይሆን በእሳቸው እጅ ይስጥ። ጋዜጣውን «የከረመ ወሬ ነው» ብለው ይገፉታል፣ ያንተን ደብዳቤ ግን ለቤተሰቡ ጮክ ብለው ሳያነቡ አያድሩም። በቃላቸው ሊያውቁት ደግሞ አይችሉም። እኔ ከጀርባቸው ቆሜ እሰማለሁ።

እዚህ ላይ ደርሼ ብዕሬን ሳላስቀምጥ አባባ ገቡ። «ለማን ነው?» አሉ። ለኤልሳዕ ነው አልኳቸው። «እንግዲያው እኔም ሰላምታዬን ላስፍር» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ወረቀቶቹን ልገለብጣቸው እችል ነበር። አልገለበጥኩም። ስለ ገጹ የጻፍኩበትን ወረቀት ፊታቸው አደረግሁት። አንብበው ይቆጡኝ፣ «አንቺ ልጅ፣ አባትሽን ትሰልያለሽ?» ብለው ይጩኹብኝ እያልኩ በልቤ ለመንኩ። አልተቆጡም። ጎንበስ አሉና «ልጄ ኤልሳዕ፣ ሁላችንም ደህና ነን። አባትህ» ብለው ጽፈው፣ ጭንቅላቴን ዳበስ አድርገው ወጡ።

ወደ ኋላ ተመለስና እየው። ከታች ሰፊ ባዶ ቦታ ነበር፤ እሳቸው ግን ስለ ገጹ በጻፍኩት መስመር ላይ ደርበው ነው የጻፉት። ዕድሜያቸውን ሙሉ መስመር በሌለው ሰሌዳ ላይ ቀጥ አድርገው የጻፉ ሰው።

እንግዲህ ደብዳቤ ጻፍ ያልኩህን ተወው። ራስህ ና። ቦልቴ ሲመለስ አብረኸው ተሳፈር። እኔ ስላቸው ይስቁብኛል፣ አንተ ግን ክንዳቸውን ይዘህ እንሂድ ካልካቸው እምቢ አይሉህም። የሠራሁትን እኔው ራሴ ለሐኪሙም ለእማዬም እናገራለሁ፤ አንተ ብቻ አጠገቤ ቁም።

እማዬ ዳጣ ልካልሃለች፣ ክዳኑን ቀስ ብለህ ክፈተው፣ ባለፈው ሸሚዝህን ያበላሸው ትዝ ይበልህ። ታናሻችን ቃለሕይወት ለፈተናው እያጠና ነው፣ ጫማውን አትርሳብኝ ብሎሃል። ትዕዛዝም በአጥሩ በኩል ሰላም ብላሃለች። ማኅሌትን በእኔ ስም ሳማት፣ ብሥራትንም ሁለቱን ጉንጮቹን። የአባባን ሰላምታ በእኔ መስመር ላይ ታገኘዋለህ።

እህትህ ሶልያና ሶርሳ
ወላይታ ሶዶ
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.