ከስድስት እስከ ሰባት ያለችውን ሰዓታችንን ለመለሱልን ለሽመላ ክለብ ፕሬዚዳንት

ለክቡር አቶ ራድኮ ስቶይኖቭ፣
በቶሮንቶ የቡልጋሪያውያን «ሽመላ» እግር ኳስ ክለብ ፕሬዚዳንት፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ያ መስመር ላይ ቆሞ በቡልጋርኛ ሲጮህ የሚውለው አማችዎ ሳይቀር ደኅና ናቸው? ጤናዎ እንደ ቡድንዎ ነጥብ ከሳምንት ሳምንት ይጨምርልዎ፤ ጉልበትዎንም ከእኛ ተከላካዮች ዓይነት ጉልበት ይጠብቅልዎ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን፤ አራተኛ ዲቪዚዮን ነን። እዚያ ከገባን ሃያ አንድ ዓመት ሆኖናል፤ ሰፈሩን ለምደነዋል።

እኔ አስማማው እባላለሁ፤ ቀን ቀን ኤርፖርት ጭነት ክፍል የምሠራ፣ ከዚያ የተረፈኝን ዕድሜ ደግሞ ለዝቋላ ስፖርት ክለብ ሊቀመንበርነት የሰጠሁ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት እንግሊዝኛ ቸግሮኝ እንዳይመስልዎ። እርስዎ ሳያነቡት ሌላው ሁሉ እንዲያነበው ፈልጌ ነው። በእኛ ባህል የተቀየሙትን ሰው ፊት ለፊት መውቀስ ነውር ነው፤ ቅሬታው ለጎረቤት ይነገርና ዞሮ ዞሮ ለባለቤቱ ይደርሰዋል። ስለዚህ ብሉር ጎዳና ላይ ያሉት የሀበሻ ምግብ ቤቶች በር ላይ ይለጠፋል፤ እርስዎም ጋ ሲደርስ ይደርሳል።

እንግዲህ በታላቅ አክብሮት ወደ ቅሬታዎቼ ልግባ።

አንደኛ። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በረዶው ገና ቀልጦ ሳያልቅ፣ ሬክስዴል ወዳለው ሜዳችን ከአሥራ አንድ ሰዎችና ከአንዲት ኳስ ጋር መጡ። ሁላችሁም አንጓችሁ ላይ ቀይና ነጭ ክር አስራችሁ ነበር፤ ለመጋቢት ወር ነው፣ ሽመላ እስክናይ አንፈታውም አላችሁን። ክለባችሁንም በዚያች ወፍ ስም ጠርታችሁት ነበር። ሜዳ እንደሌላችሁና አንድ ጥግ ቢፈቀድላችሁ ደስ እንደሚላችሁ በትሕትና ጠየቁን። እኛ ደግሞ ከማዘጋጃ ቤቱ ማክሰኞና ሐሙስ ምሽት፣ በዚህ አገር ሰዓት ከስድስት እስከ ስምንት፣ ፐርሚት ነበረን። መቼም የዝቋላ ተጫዋች ከሰባት በፊት መጥቶ አያውቅም። ከስድስት እስከ ሰባት ሜዳው የዝይዎች ነበር። ኮሚቴያችን ተማከረና ያችን የማክሰኞ አንድ ሰዓት ለእንግዳ ብንሰጣት ምን እንጎዳለን ብሎ ሰጠዎት።

እርስዎ ራስዎን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወዘወዙ። እኛ በይሉኝታ እምቢ ያሉ መሰለን። እንግዳ እምቢ ሲል ዝም የሚል ሀበሻ የት ያውቃሉ? በሞቴ ተብለው፣ አፈር ስሆን ተብለው፣ ሐሙስን ጨመርንልዎ። አሁንም ወዘወዙ። መረቡንና ኳሶቹን ጨመርን። ወዘወዙ። በመጨረሻ አሠልጣኛችን ታዴዎስ ከኪሱ የዕቃ ማስቀመጫ ኮንቴይነሩን ቁልፍ አውጥቶ እጅዎ ላይ አስቀመጠና በግድ ጣቶችዎን አጠፈልዎ። ቡልጋሪያ ውስጥ ራስ መወዝወዝ እሺ ማለት መሆኑን የሰማነው ከወራት በኋላ ነው። ክቡር ሆይ፣ ያኔ አንገትዎን አንድ ጊዜ ቀጥ አድርገው ቢይዙልን ኖሮ ቢያንስ ሐሙስ ትተርፈን ነበር።

ሁለተኛ። አስጠግተነው የኖረ ሰው በጨዋ ደንብ ከአስጠጊው ዝቅ ብሎ ይኖራል። ክለብዎ ግን በዓመቱ አራተኛ ዲቪዚዮንን በአንደኝነት ጨርሶ ወደ ሦስተኛ ወጣ። እሰየው አልን፤ ሰው መቼም ይሳሳታል። ከዚያ ሁለተኛ ገባ። ዘንድሮ መስከረም ላይ ደግሞ አንደኛ ዲቪዚዮን! ከፊት የበቀለውን ጆሮ ኋላ የመጣው ቀንድ በለጠው ሲባል እሰማ ነበር፤ ጆሮው እኔ እሆናለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ሰኞ ሰኞ ሥራ ቦታ ዕረፍት ላይ ስልኬን አውጥቼ ከእኛ ውጤት በፊት የእናንተን አያለሁ። ባለቤቴ ያለምወርቅ ይህን ደርሳበታለች፤ ሌላ ሴት ብትይዝ ይሻል ነበር ብላኛለች።

ቀንቻለሁ። ይኸው በገዛ እጄ ጻፍኩት። በዋንጫችሁ አይደለም የቀናሁት፤ ዋንጫ አቧራ ነው የሚሰበስበው። ጀርባው ላይ ስም በተጻፈበት ጃኬታችሁም አይደለም፤ እርግጥ በእሱም ትንሽ ቀንቻለሁ። አንድ ማክሰኞ መንገዱ እንዳጋጣሚ ባዶ ሆኖልኝ ሳላስበው ስድስት ሳይሞላ ሜዳው ደረስኩ። ከመኪናዬ ሳልወርድ አየኋችሁ። ሁሉም ነበሩ። እግሩ በጀሶ የታሰረው አጥቂያችሁ እንኳ ክራንቹን አጠገቡ አጋድሞ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነበር። መጫወት የማይችል ሰው በሰዓቱ መጥቶ ምን ያደርጋል? የእኛዎቹ ሲመጡ አብሬያቸው እንደደረስኩ መስዬ ወረድኩ።

ሦስተኛው ቅሬታ የሥጋ ነው። እዝራ የእህቴ ልጅ ነው፤ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛው ግማሽ፣ ግራ እግሩ ሙሉ የሆነ ልጅ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላው ዝቋላን ከአራተኛ ዲቪዚዮን የሚያወጣው እሱ ነው ብዬ በየለቅሶ ቤቱ አውርቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ልምምድ በስድስት ነው ስለው ሰባት ማለቴ መሆኑን አላስረዳሁትም። እሱም በስድስት እየመጣ ዳር ላይ ብቻውን ይቆም ነበር። ከሚበርድህ ግባና ተጫወት አላችሁት። መጀመሪያ ቁጥር ማሟያ ነበር፤ ሳንነቃ የእናንተ ተጫዋች ሆኖ ተመዘገበ።

እንደ ወጉ ሽማግሌ ላክሁበት። ታዴዎስንና ሁለት የኮሚቴ አባላትን እሑድ ከሰዓት በኋላ እህቴ ቤት ፓርክዴል ቀጠርኳቸው። ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ እዝራ ጠብቆ ጠብቆ ለጨዋታ ሄዷል። እኔው ራሴ ደወልኩለትና አጎትህን፣ ወገንህን ትተህ እንዴት ትሄዳለህ አልኩት። በቁጣ አልመለሰልኝም፤ ያደገበት ቤት ጨዋ ነው።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ዝቋላን ሊቭ አላደረግኩም» አለኝ፤ «ዝቋላ እስኪመጣ ስጠብቅ ነው እነሱ ጋ የተጫወትኩት።»

ክቡር ሆይ፣ ለዚህ መልስ ካለዎት በፖስታ ይላኩልኝ። ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን ያወጣችሁን ጎል ያገባው እሱ ነው። እኔም ከጎሉ ጀርባ ኮፍያዬን ዓይኔ ድረስ ስቤ ቆሜ ነበር። ኳሷ ስትገባ ጮህኩ። ከዚያ ማን አይቶኝ ይሆን ብዬ ዞር ዞር አልኩ።

ስንተኛ ላይ ነበርን? ዋናው ይኼኛው ነው። ባለፈው ወር እርስዎ በአካል መጥተው፣ አንደኛ ዲቪዚዮን የገባ ክለብ የራሱ ባለ መብራት ሜዳ እንዲኖረው ግድ ስለሆነ፣ ያችን ሰዓት ከልብ ምስጋና ጋር ትመልሱልን ዘንድ መወሰናችሁን ነገሩን። አንድ ካርቶን የጽጌረዳ ማርማላታም ሰጡን። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰዓታችንን ወሰዱብን እያልኩ ሳማዎት ኖሬ፣ የመለሱልን ዕለት ግን ሆዴ ባባ። ሰው እንዴት የተሰጠውን ነገር እንዲህ ንጹሕ አድርጎ ይመልሳል?

የጉዱን መጠን ያወቅነው በሳምንቱ ነው። እናንተ ከመጣችሁ ወዲህ በወጣው የማዘጋጃ ቤቱ ደንብ በተፈቀደለት ሰዓት ባዶ የተገኘ ሜዳ ለሌላ ይሰጣል፤ ተራ የሚጠብቁ ክለቦች ሞልተዋል። ይህን የምታይ አንዲት ተቆጣጣሪ ሴትዮ አለች፤ የምትመጣው ሁልጊዜ በስድስት ነው፤ በመጣች ቁጥር ሰው ሲሮጥ እያየች ትሄድ ነበር። የሚሮጡት እናንተ ነበራችሁ። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ሜዳችንን ይዛችሁልን የኖራችሁት እናንተ ናችሁ! አሁን እናንተ ስትወጡ እሷ ማክሰኞ እንደምትመጣ ማስታወቂያ ደረሰን። ሜዳውን ካጣን ዝቋላ የሚባል ነገር የለም፤ ሃያ አንድ ዓመት የለፋሁበት ክለብ የቴሌግራም ግሩፕ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ለተጫዋቾቻችን ሁሉ ደወልኩ። በስድስት እንዲደርሱልኝ በአምስት ነው ብዬ ነገርኳቸው። እነሱ ደግሞ ጋሽ አስማማው አምስት ካለ ስድስት ማለቱ ነው፣ ስድስት ማለት ደግሞ እንደምናውቀው ሰባት ነው ብለው አሰሉ። በሒሳብ የሚያህለን የለም።

እኔስ? እኔም ሀይዌዩ ተዘግቶብኝ ከስድስት ትንሽ አለፍ ብሎ ደረስኩ። ከሩቅ ሳይ ሜዳው በአረንጓዴ ማሊያችን ሞልቷል። ክቡር ሆይ፣ እንባ መጣብኝ፤ የእኔ ልጆች ለካ የክፉ ቀን ሰዎች ናቸው አልኩ። ቀረብ ስል በረኛችን ፀጉሩ ቢጫ ነው። ተከላካዮቻችን በቡልጋርኛ ይሰዳደባሉ። የአንደኛ ዲቪዚዮኑ ሽመላ በሙሉ፣ ጉዳዩን የነገራቸው እዝራ ከኮንቴይነሩ ያወጣላቸውን የዝቋላን አሮጌ ማሊያ ለብሶ፣ በእኛ ሰዓት በእኛ ሜዳ ላይ ይሮጣል። ሴትዮዋ እዝራን ጠርታ ማን እንደሆኑ ጠየቀችው፤ ዝቋላ ነን አላት። ለዚህ ልጅ ውሸት አላስተማርነውም ነበር። መዝገቧ ላይ ምልክት አድርጋ ሄደች። እርስዎም ከማዶ አዩኝና ራስዎን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወዘወዙልኝ። በዚህኛው ጊዜ ትርጉሙን አውቄው ነበር።

የእኛዎቹ በሰባት መጡ። ታዴዎስ መጀመሪያ የጠየቀው ማሊያውን ማን በላብ እንዳበሰበሰው ነው።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። እኛን ግን አደመቀን፤ የማልምርዎትም ይህንኑ ነው። ብትበልጡን ችዬው ነበር። ብትንቁን ደግሞ በደስታ እጠላችሁ ነበር። በልጣችሁን፣ አክብራችሁን፣ ይባስ ብላችሁ በስማችን ላባችሁን ስታፈሱ የት ልግባ? እባክዎ ለአንድ ምቀኛ ሽማግሌ ሲሉ አንድ ጥፋት ያጥፉልኝ። አንድ ቀን አርፍዱ፤ ወይም አንድ ጨዋታ በዝረራ ተሸነፉልኝ። ልጁንስ ቢሆን አንድ ጨዋታ ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀምጡትና ተቀይሞ ወደ እኔ ይምጣ።

የእኛ ኮሚቴ በበኩሉ ይፋ የምስጋና ደብዳቤ ሊጽፍልዎ በሙሉ ድምፅ ወስኗል። አርቃቂዎቹ እስኪሰበሰቡ ድረስ ግን ይህችን እንደ መያዣ ይቀበሉልኝ።

ከአራተኛ ዲቪዚዮን ከፍታ ላይ ቁልቁል እያየሁዎት፣ በማይነጥፍ አክብሮትና በማይድን ቅናት፣
የሜዳዎ የቀድሞ አከራይ፣ የአጥቂዎ የሥጋ አጎት፣
አስማማው፣
የዝቋላ ስፖርት ክለብ ሊቀመንበር

ተጨማሪ፦ ይህ ደብዳቤ በዋንጫ በዓላችሁ ምሽት እንዲደርስዎ አስቤ የጀመርኩት ነበር፤ በዓሉ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል አሉኝ። ማርማላታው ግን ጥሩ ነው።

ሌላ ተጨማሪ፦ ተቆጣጣሪዋ በሚመጣው ማክሰኞም ትመለሳለች ተብሏል። ማሊያዎቹን ያለምወርቅ አጥባ ኮንቴይነሩ ውስጥ አስቀምጣቸዋለች፤ አንደኛው ቁልፍ እንደሚያውቁት እርስዎ ጋ ነው። አደራዎን፣ እንዳያረፍዱ።