መታመም ስለፈለገችው ምራቴ

ለተከበሩ ዶክተር ኤፍራይን ቪያሎቦስ
የሳን ማርሲያል ጤና ጣቢያ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የእርስዎ፣ የተከበሩት ባለቤትዎና የዚያች ከማንም ጋር ሰላም የማታውቅ ነጭ ውሻዎ ጤና እንደምን ሰንብቷል? እኔ የወፍጮ ቤቷ ክሪሶፎራ ታፓያ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። አምና የምፈርመው በአውራ ጣቴ ነበር፤ የማታ ትምህርት ከገባሁ ወዲህ ግን የሳሙና መጠቅለያ፣ የመቃብር ድንጋይ፣ የምርጫ ተወዳዳሪዎች ግድግዳ ላይ የለቀለቁትን ሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ እያነበብኩ ሰፈሩን መግቢያ አሳጥቻለሁ። መምህራችን እንኳ "ዶኛ ክሪሶፎራ፣ እባክዎ ለሌሎቹም ይተዉላቸው" ብላኛለች። ለሌሎቹ ትቼ ወደ እርስዎ መጣሁ።

በከተማችን በዓል ዕለት አደባባይ ቆመው፣ "የዚህ አካባቢ ሴቶች ከእርግዝና በፊት ስለሚደረግ የጤና ዝግጅት ያላቸው ግንዛቤ እጅግ ዝቅተኛ ነው" ብለው በድምፅ ማጉያ ስላሞገሱን ከልብ እናመሰግናለን። እስከዚያ ቀን ዝቅተኛ የሚመስለን የወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ብቻ ነበር። የጠፋው ግንዛቤያችን የት እንዳለ ፈልጌ ስላገኘሁት እንደሚከተለው በትሕትና አመለክታለሁ።

አንደኛ፣ ያለው እርስዎ ዘንድ ነው፤ በር ተዘግቶበት። የጎረቤቴን ነፍሰ ጡር ልጅ አጅቤ "ከነፍሰ ጡርና ከአጃቢዋ በቀር መግባት ክልክል ነው" በሚለው በር ስገባ፣ ግድግዳው ላይ የሚያምር ማስታወቂያ አየሁ። "ከማርገዝሽ ሦስት ወር በፊት ፎሊክ አሲድ መውሰድ ጀምሪ፤ የሕፃኑ ጀርባ አጥንት በደንብ እንዲገጥም ይረዳል። ከዚህ በፊት ጀርባው ያልገጠመ ልጅ ወልደሽ ከሆነ፣ ሳታረግዢ ሐኪም አማክሪ" ይላል። ጮክ ብዬ አነበብኩት። አግዳሚው ላይ የተደረደሩት ሴቶች ሆዳቸውን ይዘው ሰሙኝ፤ አንዷም "ዶኛ፣ ለሆዴ አንብቢለት፣ ተመልሶ ይገባ እንደሆነ" አለችኝ። "ከማርገዝሽ በፊት" የሚለውን ምክር ያላረገዘች ሴት በማትደርስበት ክፍል መስቀል፣ ለሰከረ ሰው "አትጠጣ" ብሎ እንደመምከር ነውና ጥበብዎን አደንቃለሁ።

ሁለተኛ፣ እዚህ ላይ ቀልዴን ላንድ አፍታ አስቀምጣለሁ። ኔሬይዳ የልጄ የኡባልዶ ሚስት ናት። የመጀመሪያ ልጃቸው ጀርባዋ ሳይገጥም ተወለደች፤ ክርስትና አስነሳናት፣ ወዲያው ቀበርናት። ጎረቤቱ ሁሉ "የጨረቃ ግርዶሽ ነው፣ ወገብሽ ላይ ቀይ ጥብጣብ ብታስሪ ኖሮ ይመልሰው ነበር" እያለ ሲያጽናናት፣ እሷ "ጥፋቱ የኔ ነው" ብላ ተቀበለች። ያነበብኩትን ስነግራት ድገሚልኝ አለችኝ፤ ደገምኩላት። በነጋታው ጸጉሯን አበጥራ ወደ እርስዎ መጣች።

ክቡር ሆይ፣ በእኛ ከተማ ያረገዘች ሴት "ታመመች" ትባላለች፤ ስትወልድ "ዳነች"። የበሩ ጸሐፊ ሴኞሪታ ግሪሴልዳ የሰፈራችን ልጅ ስለሆነች፣ "ታመሻል?" አለቻት። "አልታመምኩም።" "ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ? ስትታመሚ ነይ።" በዚህ መሐል እርስዎ ብቅ አሉና "ምን ፈልገሽ ነው ልጄ?" ብለው ጠየቋት። ምስኪኗም እውነቱን ነገረችዎ። "መታመም እፈልጋለሁ፤ ግን ሳልታመም በፊት መድኃኒቱን ልጀምር ብዬ ነው።" እርስዎም በአዘኔታ ትከሻዋን መታ መታ አድርገው፣ ዋናው ከተማ ወዳለው የአእምሮ ሐኪም የሚልክ ወረቀት ጻፉላት። ወረቀቱን ለማንበብ ሞክሬ አልቻልኩም፤ መምህራችን የእጅ ጽሑፍዎን ብታይ ከፊደል ታስጀምርዎ ነበር።

የሰውን አጥንት ሁሉ ስም በላቲን እንደሚያውቁ ሰምቻለሁ። የእኛ ቃል አንዲት ናት፤ ስለዘለሏት አልቀየምም።

ሦስተኛ፣ ልጄ ኡባልዶ። ማስታወቂያዎን አክብሮ፣ ሚስቱ ሐኪም አማክራ መድኃኒቷን እስክትጀምርና ሦስት ወሩ እስኪሞላ ወፍጮ ቤት ውስጥ በበቆሎ ጆንያ ላይ ይተኛል። በገዛ ቤቷ ውስጥ በልጇና በምራቷ መሐል ዘብ የቆመች አማት አይተው አያውቁ ይሆናል፤ እኔን ይዩ። ጠዋት ጠዋት ገለባውን ከጸጉሩ እያራገፈ፣ "እማዬ፣ ዶክተሩ ቋንቋችንን ለመደ?" ይለኛል። "ታገስ፣ ገና እየተማረ ነው" እለዋለሁ። የጤና ጣቢያዎን ምክር እንደ ልጄ የፈጸመ ወንድ በዚህ አገር ካለ፣ ሜዳሊያውን ለእሱ ይስጡልኝ።

ልመናዬ አጭር ነው። ኔሬይዳ ሰኞ ጠዋት ትመጣለች። "ታመሻል?" ሲሏት "አልታመምኩም" ትላለች። ያኔ በሩን ይክፈቱላት። ሌላ ትንሽ የሬሳ ሣጥን ማየት አልችልም።

በጤነኞች ላይ በሩን ለዘጋው ጤና ጣቢያዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎም ከውሻዎ የተሻለ ጠባይ ያለው ጎረቤት እየተመኘሁ፣
ሙሉ ስሜን ያለ አውራ ጣት የምፈርም፣
ክሪሶፎራ ታፓያ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማስታወቂያዎ ከግድግዳው ከጠፋ አይሸበሩ፤ ወፍጮ ቤቴ በር ላይ ተሰቅሏል። ሴቶቹ በየማለዳው ለቂጣ በኖራ ውሃ የቀቀሉትን በቆሎ ሊያስፈጩ በባልዲ ይዘው ሲሰለፉ አነብላቸዋለሁ። ዝቅተኛ ያሉት ግንዛቤያችን አሁን ሰልፉን አልፎ መንገድ ዘግቷል፤ ሰኞ ኔሬይዳን ተከትሎ ይመጣልና፣ ካልታመሙት አንዷም ሳትቀር፣ ወንበር ያዘጋጁ።