የአልማዝ ለቅሶ

ግንቦት 4፣ ሰኞ። ከቀኑ 7 ሰ.

ሙቀት። መብራት አለ፣ ቬንትሌተሩ ይዞራል። ሰፈሩ ሁሉ ተኝቷል። በድሬ ቀትር የማይተኙት እብድና የእኔ ልጅ ብቻ ናቸው። ሰኒ ከጠዋት ጀምራ ከዚያ ኮምፒውተር ፊት አልተነሳችም። ምሳዋ ደርቋል። ብጠራት እጇን አወዛወዘች፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው።

ደብተሬ፣ ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። ቁጭ ብላ እየሠራች ደከመኝ ትላለች። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ፈትል ፋብሪካ ቆሜ የተበጠሰ ክር ስቀጥል ማን ደከመሽ አለኝ? ፊደል እንኳ የቆጠርኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ያውም እሷው አስተምራኝ። የእሷ ሥራ ጣት ማንቀሳቀስ ነው። ጣት!

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ጉድ ነው። ሰኒ አለቃዋን የሁለት ሳምንት ዕረፍት ጠይቃው ነበር። ሰውዬው አዲስ አበባ ነው፣ በስክሪን ብቻ ነው የሚተዋወቁት። ዕረፍቱን ትቶ ደመወዝ ጨመረላት። ስንት እንደገባ ስትነግረኝ ወንበር ፈለግኩ። እኔ በዓመት ያላገኘሁት በወር! እልል አልኩ። አሁንማ ሳሎኑ ሴራሚክ ይነጠፍለታል አልኳት። እሺ እማዬ አለችና ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች።

ምን ጎደለባት? ተናደድኩ። ምሳ ብቻዬን በላሁ። የሴራሚኩን ቀለም መርጫለሁ።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ከቀፊራ ገበያ መጣሁ። ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ለእሷ ዘይቱን። ልጅ ሳለች ለዘይቱን ነፍሷን ትሰጥ ነበር። ይዤላት ገባሁ።

ደነገጥኩ። ኮምፒውተሩ ተዘግቷል፣ ክዳኑ ወርዷል። ሰኒ ፊቱ ተቀምጣለች። ጣቶቿ ክዳኑ ላይ ይሄዳሉ። ይጽፋሉ። ምንም በሌለበት።

ጠራኋት፣ አልሰማችም። ትከሻዋን ስነካት ዘለለች።

ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው አልኳት። ሥራ ከያዘች አራት ዓመቷ፣ ጠይቄያት አላውቅም። ያንቺው ነው አለች፤ የተበጠሰ ክር እየፈለጉ መቀጠል። ክሩ ግን አይታይም፣ የበጠሰውም አይታይም፣ የመውጫ ደወልም የለውም።

የእኔ ደወል ነበረው። ሲደወል ጥዬ እወጣ ነበር። ይህን አስቤው አላውቅም። ከፋኝ። በማን እንደከፋኝ እንጃ።

ዘይቱኑን አልነካችውም።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 11 ሰ.

ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ቀትር ላይ ከክፍሏ ጩኸት። ስልክ ላይ ናት። «አልማዝ ሞተች! ሞተች እኮ ነው የምልህ!» ክው አልኩ። ይህን ስም ስንቴ ሰምቼዋለሁ፤ አልማዝ ዛሬ ደክሟታል፣ አልማዝ አትመልስም ስትል። የሥራ ጓደኛዋ ናት ብዬ። መርዶ በስልክ!

ነጠላዬን ዘቅዝቄ ወጣሁ። ለጎረቤቴ ለፋጡማ ነገርኳት። ፋጡማ ከእንቅልፏ ተነስታ፣ ወላሂ ወጣት ትሆናለች፣ አላህ ይዘንላት እያለች የሰፈሩን በር አንኳኳች። ሰባት ሴት ምንጣፍና የሻይ ፔርሙስ ይዘን ገባን። በዚያ ሙቀት። ፋጡማ ሰኒን አቀፈቻት፦ «አይዞሽ አቦ፣ ለቅሶ አይታፈንም። ልጅ ነበራት?»

ሰኒ አንድ በአንድ አየችን። አልማዝ ሰው አይደለችም አለች። ማሽን ናት። የመ/ቤቱን ሥራ ሁሉ የተሸከመችው ትልቋ ማሽን፤ እነሱ ለማሽን የሰው ስም ያወጣሉ። ዛሬ ቆመች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ። ከኋላ አንዷ፣ ኮምፒውተር ልንቀብር ነው እንዴ የመጣነው አቦ ብላ ሳቀች።

ሰኒ አልሳቀችም። ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ አለቀሰች። ደብተሬ፣ አባቷ ሲሞት እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም። ደረቷን ይዛ፣ ድምፅ አውጥታ። የሳቀችውም መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ፋጡማ ጀርባዋን ታሻሻለች። ማን እንደሞተ ሳናውቅ አንድ ሰዓት ለቅሶ ተቀመጥን።

ስልኩ ደጋግሞ ጮኸ። አለቃዋ ነው። እኔ አነሳሁት። የት ናት አለ። ለቅሶ ላይ ናት አልኩ። ደንግጦ ማን ሞተ አለኝ።

«አልማዝ!»

ሠልስቷ ሳይወጣ እንዳትደውል አልኩት። ዘጋሁበት።

ፋጡማ ሳቋን በሻሿ አፈነች። ሰኒም፣ እንባዋ ሳይደርቅ፣ ሳቀች። ይህን ሳቅ መጨረሻ የሰማሁት መቼ ነበር?

ግንቦት 13፣ ረቡዕ። ጠዋት

አልማዝ ተነስታለች። ሌላ ሰው አስነሳት። አለቃዋ መልእክት ላከ። ያለ ሰኒም ትነሳለች ለካ።

ሰኒ ዛሬ ነገረችኝ። ሐኪም ጋ መሄድ ከጀመረች ወራት አልፏል። ልቧ ያለ ምክንያት ይመታል፣ ፀጉሯ በማበጠሪያው ይወጣል። ዕረፍት እዘዙልኝ ብላ አይደለም፤ እሱ ራሱ አርፊ ብሏታል። ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ጮህኩ።

ነግሬሽ ነበር አለች። ደከመኝ ብዬሽ ነበር።

ባለ ሴራሚኩ ደወለ፤ ጋሪው መቼ ይምጣ አለ። አይምጣ አልኩት።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ። ከቀኑ 7 ሰ.

ሥራውን ትለቃለች። ወስነናል። ከዚያ በኋላስ? አላውቅም። ጡረታዬ አለ፣ ያስቀመጠችውም አለ። መጀመሪያ ትተኛ።

ደብዳቤውን አንቺ ጻፊው አለችኝ። እሷ ፊደል ማየት አስጠልቷታል፤ እኔ የጻፍኩትን ፎቶ አንስታ ልትልከው ነው። እኔ! ጡረታ ስወጣ በአውራ ጣቴ የፈረምኩ ሴት። በሕይወቴ የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው።

ወረቀት አዘጋጀሁ። ገና ከአድራሻው ተያዝኩ። ለሶፍትዌር ክፍል ሀላፊ። «ሀላፊ» በሃሌታው ሀ ነው፣ በሐመሩ ሐ፣ ወይስ በብዙኃኑ ኀ? ልጠይቃት ሄድኩ።

ተኝታለች። በቀትር፣ እንደ ድሬ ሰው፣ አፏን ከፍታ። ትራሷ አጠገብ የተገመጠ ዘይቱን።

አልቀሰቅሳትም። ሀላፊው ይጠብቅ።