ለናቲ ያመጣጠንኩት ጨዋታ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ዛሬም ከሥራ በቀጥታ ወደ ልምምድ። ፌርፋክስ መንገድ ላይ የምሠራበትን ፓርኪንግ ለተረኛው ትቼ፣ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ዳር ቆምኩ። የዚህ አገሩን፣ በእጅ የሚይዙትን የፉትቦል ጨዋታቸውን ቪዲዮ አይቼ ኮችን የማማክረው እኔ ነኝ፤ በነፃ። ሚስቴ ሥራ ፈት ትለኛለች። ትበል።

ኮች ጠየቀኝ። ዓርብ ምን ያዋጣል፣ ኳስ ይዞ መሮጥ ወይስ መወርወር? ማመጣጠን ነው አልኩት። ግማሽ ሩጫ፣ ግማሽ ውርወራ። ተከላካይ የሚመጣውን ካላወቀ እግሩ ይታሰራል። እውነት ነው ደግሞ። አብዛኛውን ጊዜ።

አንተን ግን አልዋሽህም፣ ደብተሬ። የሚሮጠው ኪሩቤል ነው፣ የክርስትና ልጄ። የሚወረወርለት ናቲ ነው፣ የወለድኩት። ዓርብ ደግሞ ከኮሌጅ ተጫዋች መራጭ ይመጣል። ሶ፣ ማመጣጠን አልኩ። እግዜር ይየኝ።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ ጥዋት

ተሸነፍን። እንቅልፍ የሚባል አላየሁም።

ኪሩቤልን የሚያቆመው ጠፍቶ ነበር። ተከላካይ አንጠልጥሎ ይሮጣል! ኮች ዕቅዱን ረስቶ ለሱ ስጡት፣ ለሱ ስጡት ይላል። ናቲ ባዶ እጁን ቆሟል። የኮሌጁ ሰውዬ ዓይኑ ከኪሩቤል አይነቀልም። ኮችን ጠጋ አልኩና፣ ልጁ ጾሟል፣ ዓርብ ነው፣ አሁን ይዝላል፣ ይጎዳብሃል አልኩት። ኮች ደነገጠ። አስወጣው።

ምን መዛል! እናቱ ሰናይት ሽሮውን አጥግባ ነው የላከችው። ጾም ያስተማርኩትስ ማነው? እኔው! በጾሙ ሸር ሠራሁበት። ክፉ ሰው ነኝ።

ናቲ ሁለቴ ያዘ። ከዚያ ውርወራው በተጋጣሚ ተጠለፈ፣ አለቀ። መኪና ውስጥ ኪሩቤልን ለምን አስወጡት ብሎ ጠየቀኝ። ሬዲዮ ከፈትኩ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ከቅዳሴ ስንወጣ ኪሩቤል ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

ከሰዓት ቪዲዮውን ደገምኩት፣ ራሴን ላጽናና። ያሸነፈ ቡድን ሩጫ የሚያበዛው እየመራ ስለሆነ ነው፣ ሰዓት ለመግደል፤ ሩጫው አይደለም ያሸነፈለት ብዬ ስንቱን ተከራክሬያለሁ። ኦኬ፣ እሱም ልክ ነው። እኛ ግን እየመራን አልነበረም፤ እኩል ነበርን። ሩጫው ይሄድ ነበር። ማመጣጠን ማለት የሚያዋጣውንና የማያዋጣውን እኩል ማካፈል አይደለም። የሚሄደውን እስኪያቆሙት መግፋት ነው፤ ሲያቆሙት መወርወር። ይህን ዓርብም አውቀው ነበር። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ሰናይት ፓርኪንጉ ድረስ መጣች። ከፒኮ መንገድ አውቶቡስ ወርዳ፣ የሬስቶራንት ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ። ኮች ደውሎላታል። ዓርብ በደንብ ካልበላ አላሰልፈውም ብሏል። የኮሌጁ ሰውዬም ልጁ ጤነኛ ነው ወይ እያለ ነው አሉ። ኪሩቤል በበኩሉ ጾሜን አልፈታም፣ የክርስትና አባቴ ካላለ ብሏል። ጋሼ፣ ይፍታ ወይስ አይፍታ? እርስዎ ያሉትን ነው የምናደርገው አለች።

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ ልላት ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። አላልኩም። አይፍታ፣ ልጁ ምንም አልሆነም፣ ለናቲ ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ አልኳት። ሁሉንም አፈረጥኩት። ሽርጧን ፈታ አጣጠፈችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በመጨረሻ፣ እኔ እንግሊዝኛው አይሆንልኝም፣ ያበላሹት እርስዎ ነዎት፣ እርስዎ ይንገሯቸው አለችና ሄደች።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ሜዳው ዳር ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ልምምድ አልተጀመረም። ለናቲ ጥዋት ነገርኩት፤ ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። አሁን ከወዲያ ማዶ ጫማውን ያስራል። ቀና ብሎ አያየኝም።

ኮች መኪናውን ፓርክ እያደረገ ነው። የኮሌጁን ሰውዬ ስልክ ከሱ እቀበላለሁ፣ ራሴ እደውላለሁ። ከሜዳው ጥፋ ካለኝ እጠፋለሁ። ጥግ ስቤው ላወራው ነበር ያሰብኩት፤ ተውኩት። በሹክሹክታ ያጠፋሁትን በሹክሹክታ አላቃናም። ኪሩቤል ባለበት፣ ናቲም እየሰማ፣ ጮክ ብዬ ነው የምናገረው። ኮች መጣ፣ ልነሳ።