ኮምፒውተሬ እምቢ ያለ ሰሞን

ሰኞ፣ የካቲት 3
መብራት ከሰነበተበት መጣ። ደስ ብሎኝ ሱቁን ከፈትሁ። ፊት ለፊቴ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ባለጉዳይ ተኮልኩሏል፤ ማመልከቻ የሚያስጽፍ አይጠፋም ብዬ የኮምፒውተሩን ማብሪያ ብጫነው... ዝም። እንደገና። ዝም። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ ማከፋፈያውን ቀየርሁ። በዚያው ሶኬት ስልኬ ቻርጅ ያደርጋል። ታዲያ ይሄ ምን ነካው?

ማክሰኞ፣ የካቲት 4
ጠጋኙን ሙሉነህን ጠራሁት። ከፈተው። አቧራውን እፍ አለ፣ ሚሞሪውን አውጥቶ በላጲስ ፈተገ። ምንም። ከቤቱ ሌላ ፓወር ሰፕላይ አምጥቶ ሞከረ። ማራገቢያው አንዴ ዞረ... ቆመ።
«ውባንቺ፣ መብራቱ በኃይል ነው የመጣው። ማዘርቦርዱን፣ ዋና ሰሌዳውን፣ በልቶታል።»
«ይገኛል?»
«ባሕር ዳር ምናልባት። መንገዱ ተዘግቶ ማን ያመጣልሻል?»

ሐሙስ፣ የካቲት 6
ደንበኞቼ ታች ካለው ሱቅ ያስጽፋሉ። እኔ በር ላይ ተቀምጬ ሰላም እላቸዋለሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8
ወንድሜ ደምሌ ከገጠር መጣ። ለገበያ ነው አለ። አልነበረም። ትቼው የመጣሁት ባሌ፣ ተሻገር፣ ሽማግሌ ልኮ ኖሯል።
«ይኸው ዕቃሽም ሞተ። እዚህ መካነ ኢየሱስ ከተማ ምን ቀረሽ? ሰውየው ተጸጽቷል። ደግሞም በሕግ ሚስቱ ነሽ።»
«እጄን የሰበረኝ እሱ አይደለም?»
«እሱማ... ያለፈ ነገር ነው።»
ያለፈ! ሲበርድ ዛሬም ይነዝረኛል። ዓርብ መጥቼ እወስድሻለሁ ብሎ ሄደ። እምቢ አላልሁም። ለምን?

እሑድ፣ የካቲት 9
ቤተ ክርስቲያን ሳምሁ። ምን ብዬ እንደምለምን ጠፋኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11
ሙሉነህ አሮጌ ማዘርቦርድ ፈልጎ አመጣ። አልገጠመም። «በቃ ተዪው» አለኝ፣ ዐይኔን ሳያይ። ማታ ልብሴን ማዳበሪያ ውስጥ ከተትሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 13
ዓለሚቱ የምትባል ሴት፣ ልጅ አዝላ፣ ከገጠር መጣች። ባሏን የልጅ ቀለብ ልትከስ። ተበላሽቷል፣ ሌላ ቤት ሂጂ አልኋት። አልሄደችም።
«እትዬ፣ በእጅዎ አይጽፉም?»
ሳቄ መጣ። እውነቷን እኮ ነው... ብዕር አወጣሁ። ነገረችኝ፤ ጻፍሁ። እንዴት ይመታት እንደነበር ስትነግረኝ እጄ ቆመ። አፍሬ ቀጠልሁ። የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ አገላብጦ አየና «ይነበባል» ብሎ ተቀበለ።

ዓርብ፣ የካቲት 14
ከጠዋት ጀምሮ ስጽፍ፣ ስቀድ። የሰው ሲሆን ቀላል ነበር። ደምሌ ደረሰ።
«ተነሺ እንጂ!»
«ቆየኝ» ብዬ ፍርድ ቤት ገባሁ።
ሠራተኛው ቀና ሳይል «ዛሬ ደግሞ የማንን ክስ ይዘሽ መጣሽ?» አለ።
«የራሴን ፍቺ።»
ቀና አለ። ወረቀቱን ተቀብሎ ማኅተሙን መታ።
ወጥቼ ለደምሌ ነገርሁት። በቅሎውን ፈትቶ ብቻውን ወረደ። ለእናቴ ምን ይላት ይሆን? አባቴ ቤትስ ከእንግዲህ ማን በር ይከፍትልኛል? ሱቁንም በምን እንደማቆየው... እንጃ።
ክሱ ግን ገብቷል።