ኔትወርኩ ምንም አልሆነም ነበር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ለዓሣ አስጋሪዎቹ ማኅበር የሠራሁትን የጃቫ ፕሮግራም ትናንት በአንድ ፋይል ጠቅልዬ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ባለው ቢሯቸው ኮምፒውተር ላይ ጫንኩት። ጫሞ ሐይቅ ዳር ያሉት ዓሣ መዛኞች በስልካቸው ከፍተው ክብደቱን ሲመዘግቡበት ዋሉ። ዛሬ ላፕቶፔን ቤት ትቼ ሄድኩ። ገና ስገባ ጸሐፊዋ ወይዘሮ አስቴር "ልጄ፣ እምቢ ብሎናል" አሉኝ።

ምኑንም ሳላይ "ኔትወርክ ነው" አልኩ። አምነውኝ እስኪመለስ ጠብቁ ለማለት ወደ ጫሞ ደወሉ። ዓሣው ሳይመዘን ፀሐይ ላይ ቆየ።

ቢሮው ኮምፒውተር ላይ ትቼው የነበረውን ኮድ ሳየው ጥፋቱ የእኔ ነው። መረጃውን ከገዛ ላፕቶፔ እንዲያመጣ እንዳደረግኩት ረስቼ ጠቅልዬዋለሁ። ፕሮግራሙ ትናንት የሠራው፣ ላፕቶፔ እዚያው ቢሮ ስለነበረ ብቻ ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ስህተት። አስተካክዬ እንደገና ለመጫን ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። እውነቱን ግን አልተናገርኩም።

ወይዘሮ አስቴር በስልክ "ልጁ ከኔትወርኩ ጋር ታግሎ መለሰልን" ሲሉ ሰማሁ። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው አስጋሪ ጋሽ ሻንካ ሁለት ቆሮሶ ዓሣ በፌስታል ይዘውልኝ መጡ። "እኛም ነፋስ ሲነሳ ሥራ እንፈታለን፤ አይዞህ" አሉኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

ቤት ስገባ አብሮኝ የሚኖረው ዳዊት ዓሣውን ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀኝ።

ገዛሁት አልኩት።