ስም ያልወጣላት ዜማ

ውድ አያቴ፣

በሽማግሌዎች ጉባኤ ፊት ቆሜ ሳይሆን በቤተ ክርስቲያኑ የመዘምራን ሰገነት ላይ ተደብቄ፣ አንድ ከባድ ኃጢአት ልናዘዝልዎ፦ የድምፅ መቃኛ ሹካዎን ሰርቄያለሁ። አሁን በግራ እግሬ ካልሲ ውስጥ ናት። ቁርጭምጭሚቴን እንደ በረዶ እያቀዘቀዘችው ስለሆነ ቅጣቴን ከወዲሁ ጀምሬያለሁ ማለት ነው። እንዳይቆጡኝ። የሰረቅኳት ለእርስዎ ብዬ ነው።

ያን ቀን ወደ ማሴሩ ከተማ ሆስፒታል ሊሄዱ ታክሲው ውስጥ ገብተው፣ ብርድ ልብስዎን እስከ አገጭዎ ተከናንበው፣ “የአዲሷን ዜማ የመጨረሻ መስመር አንቺ ጨርሺው” አሉኝ።

“እኔ?”

“ታዲያ ፎሎ ይጨርሰው?”

ሁለታችንም ሳቅን። እንደ አባት “ንታቴ” ብንላቸውም፣ ፎሎ ወፍራሙን ድምፅ ሲዘምሩ ጉድጓድ የገባ በሬ እንደሚመስሉ እናውቃለንና። ታክሲው ሄደ። እኔ መንገዱ ዳር ቆሜ እስቅ ነበር፤ አንድ ነገር ትዝ ሲለኝ ሳቄ ጠፋ።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን አዲስ ዜማ እሁድ አይጀመርም። መጀመሪያ የሚዘመረው ቀብር ላይ ነው። ሟቹን ይሸኛል፣ የሟቹን ስም ይዞ ይመለሳል፣ ከዚያ በኋላ ነው ምእመናኑ የሚወርሱት። “ማፑሌንግን እንዘምር” ሲባል፣ ማፑሌንግ ለትምህርት ቤት ልጆች ዳቦ ትሸጥ የነበረች ሴት መሆኗን አሁን ማን ያስባል? እርስዎ የደረሷቸው ዜማዎች ሁሉ ሰዎች ናቸው። ይቺ የአሁኗ ግን ገና ስም የላትም።

እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ሽማግሌዎቹን ቢያዩአቸው! አዲስ ዜማ እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ ለማን እንደሆነ ማንም አያውቅም። የሽማግሌዎቹ አለቃ ንታቴ ሌሳዋና ሳል ሲመጣባቸው ሮጠው ወጥተው ከግንቡ ኋላ ነው የሚስሉት። ንታቴ ፎሎ ምርኩዛቸውን ጥለው እንደ ጎረምሳ መራመድ ጀምረዋል፤ እስካሁን ሁለቴ ወድቀዋል። ታዲያ እኔ አርፌ ልቀመጥ?

“ንታቴ ሌሳዋና፣ ይቺ ዜማ እኮ ለእርስዎ የተሠራች ነው የምትመስለው” አልኳቸው፣ በጣም አዝኜ።

“አንቺ ፍየል! እኔ ገና ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው! ሂጂ ለፎሎ ንገሪው!”

“ለኔ?” አሉ ንታቴ ፎሎ። “ላሜ ልትወልድ ደርሳለች፣ እኔ ጊዜ የለኝም!”

ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ያ ባለፈው ሳምንት ነበር።

ከዚያ መስመሩን አገኘሁት። ውሃ ልቀዳ ሄጄ ባልዲው እስኪሞላ ስጠብቅ ነው። ውሃው ሲሞላ ድምፁ ወደ ላይ ወደ ላይ ይላል አይደል? ሦስተኛው መስመርዎም እንደዚያ እየወጣ ሄዶ አናት ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ሌላ ሰው ቢሆን ከዚያም በላይ ያወጣው ነበር። እኔ አወረድኩት፤ ደጁ ደርሶ ጫማውን እንደሚያወልቅ ሰው፣ ቀስ አድርጌ፣ ዜማው የተነሣበት ቦታ ላይ አሳረፍኩት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ደስታው አስረስቶኝ ቤት ገብቼ አንጎራጎርኩት።

አክስቴ ማኔኦ የበቆሎ ገንፎውን የምታማስልበት እንጨት ከእጇ ወደቀ።

“በቤት ውስጥ?” አለችኝ። “ያን ዜማ? በማን ክፍል አጠገብ?”

ዞር ብዬ አየሁ። የእርስዎ ክፍል በር ላይ ቆሜ ነበር።

ያን ዕለት ማታ አጎቴ ከማሴሩ ደውሎ ምግብ እምቢ ማለትዎን ነገረን።

ከዚያ ወዲህ አፌን ዘግቻለሁ። ልጅነት ነው ይበሉኝ። ያላለቀ ዜማ አይዘመርም፤ ያልተዘመረ ዜማ ማንንም አይሸኝም። በቃ፣ ሒሳቡ ይሄ ነው። ንታቴ ሌሳዋና ግን ዛሬ ጠዋት ቤት ድረስ መጡ።

“ፍየሏ፣ አያትሽ መስመሩን ላንቺ ነው የተዉት አሉ። መዘምራኑ እስከ ቅዳሜ ማጥናት አለባቸው።”

“ለምን ቅዳሜ? ማን ሞተ?”

“ማንም አልሞተም።”

“ታዲያ ምን አስቸኮለን?”

“መዘጋጀት ጥሩ ነው” አሉ፣ ጫማቸውን እያዩ። ንታቴ ሌሳዋና፣ እኔን መስደብ የማይሰለቻቸው ሰውዬ፣ ጫማቸውን እያዩ!

አክስቴ ግቢውን ጠረገች። ትናንትም ጠርጋው ነበር። ከጎረቤት ትልቁን ድስት አስመጣች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት “ለእንግዳ” አለችኝ። የትኛው እንግዳ እንደሆነ አልነገረችኝም።

እኔም ሹካዋን ሰረቅኩ። ያለ እርሷ ሲዘምሩ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ፤ ሴቶቹ ጣሪያ ሲነኩ ወንዶቹ መሬት ውስጥ ይቀራሉ። ማጥናት አይችሉም።

ደብዳቤውን የታክሲው ሾፌር ነገ ያደርስልዎታል። ቃሌ ይኸውልዎት፦ እርስዎ መጥተው “ተሳስተሻል” ብለው በጆሮዬ ጎትተው እስኪያርሙኝ ድረስ፣ የመጨረሻው መስመር ከአፌ አይወጣም። ስለዚህ ይብሉ። የሆስፒታሉ ገንፎ ቢጓጉልም ይብሉ።

ቆይ። በሰገነቱ መስኮት ንታቴ ሌሳዋና ይታዩኛል። መዘምራኑ ከኋላቸው ቆመዋል። እሳቸው ስልክ እያወሩ ነው። አይ፣ አያወሩም፣ እየሰሙ ነው። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ውርጭ ነው እኮ አያቴ፣ ሳሩ እስካሁን ነጭ ነው። ምናልባት ሞቋቸው ይሆናል።

እየገቡ ነው። ልደበቅ ስጎነበስ ሹካዋ ከካልሲዬ ሾልካ በሳንቃው ክፍተት ወረደች። ታች ድንጋዩ ላይ ጮኸች። ያቺን ድምፅ የማያውቃት የለም። ማን ጣላት ያለ ሰው ግን አልሰማሁም። ድምፁን ተቀበሉና ጀመሩ፤ አንደኛውን መስመር፣ ሁለተኛውን። ንታቴ ፎሎ እንኳ አልሳቱም። ሦስተኛው ወጣ፣ ወጣ፣ አናት ላይ ሲደርስ ቆሙ።

እየጠበቁኝ ነው። ጥርሴን ነክሻለሁ፣ አያቴ፣ ቃሌን አላፈረስኩም።

ንታቴ ሌሳዋና ከታች ጠሩኝ። ፍየሏ አላሉኝም። ስጠመቅ እርስዎ ባወጡልኝ ስም፣ ቀስ ብለው፣

“ሬሌቦሂሌ።”